«አሁንማ አድገሻል፣ ይብቃሽ» የምንል ወገኖቼ ሆይ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ቅር ያሰኛችሁ ይሆናል። ዝም ማለቱ ግን ከበደኝ።

በሰፈራችን አንዲት ልጅ አለች። ትንሽ ሳለች ሜዳው ላይ ተገልብጣ በእጇ ስትሄድ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል። ያጨበጭብላታል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። 13 ዓመት ሲሞላት «አሁንማ አድገሻል፣ ይብቃሽ» ተባለች። ቱታዋ ሳጥን ገባ። ይህ ሲባል እኔም እዚያው ቤት ነበርኩ። ቡናዬን ጠጥቼ ዝም ብዬ ወጣሁ። ስለዚህ ተግሣጹ ከእኔው ይጀምራል።

ማታውን አንዲት ጣልያናዊት ትዝ አለችኝ። ካርላ ማራንጎኒ ትባላለች። በፈረንጆቹ 1915 ከሚላኖ በስተደቡብ ባለችው ፓቪያ ተወለደች። የ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሎምፒክ ሲደርስ 12 ዓመቷ ነበር። ሴቶች በኦሎምፒክ ጂምናስቲክ የተወዳደሩት ያኔ ነው የመጀመሪያው። ጣልያን የላከቻቸው 12 የፓቪያ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው ሉዊጂና ጃቮቲ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ 12 ሊሞላት ሁለት ወር ያህል ይቀራታል። ለየብቻ የሚሰጥ ሜዳሊያ አልነበረም፤ ነጥቡ ለቡድኑ ነው የሚያዘው። አስተናጋጇ ሆላንድ በ316.75 ነጥብ ወርቁን ወሰደች። የፓቪያ ልጆች በ289 ብሩን ያዙ። እንግሊዝ ከኋላቸው ሦስተኛ ሆነች። ጃቮቲ እስከ ዛሬ ከኦሎምፒክ ሴት ባለሜዳሊያዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ናት።

የ11 ዓመት ልጅ ለኦሎምፒክ ትላክ እያልኩ አይደለም። ከ1997 ጀምሮ በትልልቅ ውድድር የምትሰለፍ ጂምናስት በዚያ ዓመት 16 የሚሞላት መሆን አለባት። ደግ አደረጉ። በልጅ አጥንት አይቸኮልም።

እኔን ያሳዘነኝ የፓቪያ ልጆች ከሜዳሊያው በኋላ የገጠማቸው ነው። ቀድሞውንም እነዚያን ልጆች የማይፈልጋቸው ብዙ ነበር። በዚያው በ1928፣ ከኦሎምፒኩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሮም ላይ የሴት ልጆች የጂምናስቲክና የአትሌቲክስ ውድድር ሲዘጋጅ የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ በደብዳቤ ተቃወሙ። የዘመናዊው ኦሎምፒክ መሥራች ኩበርታንም ሴት በኦሎምፒክ መወዳደሯን አልወደዱትም። በ1932 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ መጣ። ካርላ 16 ዓመቷ ነው። ጉልበቱም ብልሃቱም አንድ ላይ የሚገናኙበት ዕድሜ። የሴቶች ጂምናስቲክ ግን በውድድሩ ውስጥ አልተካተተም። ጣልያን ደግሞ በየትኛውም ስፖርት አንዲት ሴት እንኳ አላከችም።

በ12 ዓመቷ ያጨበጨቡላት ልጅ፣ በ16 ዓመቷ ቦታ አጣች። ወገኖቼ፣ ይህ ነገር አይመሳሰልባችሁም?

የዚያን ዘመን ጣልያን ምን እንደነበረች ለእኛ ነጋሪ አያሻንም። በዚያው የአምስተርዳም ኦሎምፒክ ሰሞን ከአገራችን ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርማ፣ በሰባተኛው ዓመት ወረረችን። የፓቪያ ልጆች ግን የሙሶሊኒ ዕዳ የለባቸውም። የእነሱን ታሪክ የማነሳው የእኛም ልጆች እዚያው አምስተርዳም ላይ ስለተጎዱ ነው። እንዴት በሉኝ። በዚያ ኦሎምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ። ጋዜጦች «ወደቁ፣ ተዝለፈለፉ» ብለው አጋንነው ጻፉ። ሩጫው ተሰረዘ። እስከ 1960 ድረስ አልተመለሰም። ማራቶን ለሴቶች የተፈቀደው በ1984 ነው። 10 ሺህ ሜትር ደግሞ በ1988። ከአራት ዓመት በኋላ ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ አሸነፈች። በ1996 ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወሰደች። በሩ ሲከፈት የእኛ ልጆች ለመግባት ስንት ጊዜ ፈጀባቸው? ዓይናቸውን ሳያሹ ነው የገቡት። ከዚያ በፊት መሮጥ እየቻሉ ውድድር ያጡ ስንት እናቶች ይኖሩ ይሆን?

እኛ ደግሞ ሌላው የከፈተውን በር በየቤታችን እንዘጋለን። ደራርቱ ስታሸንፍ አልቅሰናል። ባንዲራ ይዘን ወጥተናል። ቤት ስንገባ ግን «ሱሪ ለብሳ ሰው ፊት ትዘላለች እንዴ?» እንላለን። ወንዱ ኳስ ሲጫወት አምሽቶ ቢመጣ ራቱ ይጠብቀዋል። እሷ ከልምምድ ብትዘገይ ጥያቄው ይጠብቃታል። ያስጨነቀን መንገዱ ከሆነ፣ ልጅቷን ከማስቀረት ሄዶ መመለስ አለ። አሠልጣኙን ካላመንነው፣ ተቀምጦ ልምምዱን ማየት አለ። ብዙዎቻችን ግን ያንንም አናደርገውም። የምንፈራው የጎረቤትን አፍ ነው። ያ አፍ ደግሞ የእኔም ነበር።

ካርላ እስከ 102 ዓመቷ ኖራ በ2018 አረፈች። የጣልያን ሴቶች በዚያው ዓይነት፣ አርቲስቲክ በሚባለው የቡድን ጂምናስቲክ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ደግመው ያገኙት በ2024 ፓሪስ ላይ ነው። እንደገና ብር። ከፓቪያ ልጆች 96 ዓመት በኋላ። ካርላ ለስድስት ዓመት ሳትደርስበት ቀረች።

እትዬ፣ ይህን ካነበቡት፣ ያን ቀን ዝም ብዬ ስለወጣሁ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ አሁን 15 ዓመቷ ነው። ሳጥኑን ይክፈቱላት። ቱታው አጥሯት ከሆነ ሌላ እኔ እገዛላታለሁ። ከልምምድ ስትመለስ ደግሞ ማታ ማታ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ተራ ገብተን እናመጣታለን።