ተሰብስበው መለሱ ማለት ተሳተፉ ማለት አይደለም

በስፖርትና በአካል እንቅስቃሴ ላይ የሚሠሩ ጥናቶች «አሳታፊ»፣ ማለትም የሚጠኑት ሰዎች አብረው የሚወስኑባቸው፣ መባልን ወደዋል። ገለጥ አድርጎ ለሚያያቸው ግን አብዛኞቹ የለመድናቸው ናቸው፤ ተመራማሪው ጥያቄውን ብቻውን ጽፎ ይጨርሳል፣ ተጫዋቾችን ሰብስቦ መጠይቅ ያስሞላል፣ የተሞላውን ይዞ ይሄዳል። አሜሪካዊቷ የፖሊሲ ተንታኝ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ በስምንት እርከን ስትከፍል፣ ሐሳብ ጠይቆ መሄድን ለይስሙላ ከሚደረጉት መድባዋለች። የስብሰባ ፊርማ ሪፖርት ላይ ያምራል፤ ማን እንደወሰነ ግን አይናገርም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የጥናቱን ጥያቄ ማን እንደመረጠው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ተመራማሪው ይህን ቁጥር ይዞ ሲመጣ «ለምን አልሞላችሁም?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዎቹ ራሳቸው ጥያቄ እንዲያወጡ ሲደረግ ደቂቃውን ጨርሶ ላያነሡት ይችላሉ፤ መብራት ስለሌለው መንገድ፣ ስለማይዘጋ የልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ስለ አሠልጣኙ አንደበት ያወራሉ። ያኔ የሚሰበሰበው መረጃም ሌላ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥናቶችን የሚያጸድቁት የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ያለቀለት መጠይቅ ካላየን አናጸድቅም ማለታቸው እውነት ነው። መፍትሔው ፈቃዱን በሁለት ዙር መጠየቅ ነው፤ መጀመሪያ ጥያቄውን አብሮ ለመቅረጽ፣ ቀጥሎ በማሻሻያ መልክ መረጃ ለመሰብሰብ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይሠራል።

ፎቶቮይስ የሚባለውን ዘዴ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቻይና ዩናን ግዛት ከገጠር ሴቶች ጋር ሠርተውበታል። ለስፖርት ጥናት ይመቻል፤ ተሳታፊው በአንድ ጥያቄ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ፎቶ ያነሣል፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት መርጦ ለውይይት ያቀርባል። ከዚያ በላይ ከተፈቀደ ሰዓቱ ፎቶ በማየት ያልቃል፣ «ይህ ለምን ሆነ? ምን ይደረግ?» የሚለው ሳይነሣ ይቀራል። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ካሜራ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ፎቶው ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ደግሞ ሁለተኛ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ለውይይት የፈቀደ ሰው ለዐውደ ርእይ ፈቅዷል ማለት አይደለምና።

ትልቁ ችግር ግን አሠልጣኙ ጋ ነው። ተመራማሪውን ወደ ቡድኑ የሚያስገባው እሱ ስለሆነ ተሳታፊዎችንም እንዲመርጥ ይተውለታል፤ እሱም ታዛዦቹንና ቋሚ ተሰላፊዎቹን ይልካል። ስፖርቱን ስለሚያቋርጡ ልጆች በሚደረግ ጥናት ውስጥ ያቋረጡት ራሳቸው የሉበትም ማለት ነው! እነሱን በቀድሞ የቡድን ጓደኞቻቸው በኩል መፈለግ ያስፈልጋል። ውይይቱ አሠልጣኙ በሌለበት ይካሄድ፤ የእሱ ሐሳብ ለብቻው ይሰማ። ስም መደበቅም ብቻውን አያድንም። ሁለት ግብ ጠባቂ ባለው ቡድን ውስጥ «አንድ ግብ ጠባቂ እንዳለው» ብሎ መጻፍ ስሙን ከመጥራት ብዙ አይርቅም። የመጫወቻ ቦታና ዕድሜ ከጽሑፉ ይሰረዝ፤ ንግግሩም ከመታተሙ በፊት ለተናጋሪው ይታይ።

ትንተናው ላይ ሲደረስ ብዙዎች የድምፅ ቅጂውን ይዘው ወደ ቢሮ ይመለሳሉ። ከዚያ ይልቅ ሠላሳ ያህል ንግግሮችን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋትና ከተሳታፊዎቹ ጋር በየፈርጁ መደልደል ይቻላል። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባልተስማሙበት ወረቀት ላይ ድምፅ ማሰጠት አይገባም፤ አለመግባባቱ ራሱ ይመዝገብ፣ ብዙ ጊዜ ዋናው ግኝት እሱ ነው።

አሳታፊ ዘዴ ለሁሉም ጥያቄ አይሆንም። የአንድ አገር ሕዝብ በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ በዕጣ የተመረጠ ናሙናና የእንቅስቃሴ መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የአሥር ሰው ውይይት ያንን አይመልስም። ሰዎች ለምን እንደሚቀሩና ምን ቢለወጥ እንደሚመጡ ሲፈለግ ግን መለኪያው ዝም ይላል።

ገንዘብ ሰጪዎችም ድርሻ አላቸው። ውሉ ሲፈረም የመጨረሻውን መጠይቅ ማየት ከሚጠይቁ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ጥያቄውን ለመቅረጽ ይልቀቁ፤ ለተሳታፊዎቹ የሥራ ጊዜና መጓጓዣም በበጀቱ ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው። ዛሬ በአብዛኛው «ልዩ ልዩ ወጪ» ሥር ተሸጉጦ ነው የሚገኘው፤ በጀት ሲቀነስም ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው።