እርማት፦ ዓይነ ስውርነት ጥቁር ሸራ አይደለም

ወንድሜ፣ ለሰበታው የሥዕል ዐውደ ርእይ «የማየት ችግርን ለማሳየት ሸራውን ጥቁር መቀባት ይበቃል» ያልከው ስሕተት ነው፤ ብዙ ሠዓሊም ይሳሳተዋል። ዓይነ ስውር ከሚባሉት አብዛኞቹ ቢያንስ ብርሃንን ከጨለማ ይለያሉ። ግላኮማም (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ቢሆን የእይታን ዳር ዳሩን ይወስዳል እንጂ ጥቁር ቀለበት አይሠራም፤ ክፍተቱን አእምሮ ስለሚሞላው ሰውየው መጉደሉን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ግላኮማን ለማሳየት ቀለሙ ሳይደርቅ ጠርዙን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አደብዝዘው።

ለዓይን ሞራ ግን ሥዕሉ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ 1 እጅ ቡናማ ያዘለ ቢጫ አክሪሊክ ቀለም በ10 እጅ የአክሪሊክ ማቅጠኛ (ሚዲየም) በጥብጠህ ስስ አድርገህ ደርብበት። በውሃ ብቻ ካቀጠንከው ቀለሙ በደንብ ላይያያዝ ይችላል፤ በእርጥቡ ላይ ከደረብክ ይጨቀያል። (የዓይን ሞራ የነበረበት ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1923 እ.ኤ.አ. ቀኝ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት የሣላቸውን ቀያይ ድልድዮች ተመልከት፤ ጥቁር አይደሉም።)