ለጠያቂ ልጅ ጊዜ ያለው ማን ነው?

ልጆቻቸውን በቤት ውስጥ ስለሚያስተምሩ ቤተሰቦች ሲወራ ምስጋናው ለልጆቹ ነው፦ ጠያቂዎች ናቸው፣ ከካርቶን ድልድይ ይሠራሉ፣ ያገኙትን ሁሉ ይፈታታሉ። እውነት ነው፤ ግን ልጅ በተፈጥሮው ጠያቂ ነው። የሚቸግረው የጥያቄውን መጨረሻ የሚጠብቅ አዋቂ ማግኘት ነው።

አንድ ልጅ፣ «እስከ አፉ በሞላ ብርጭቆ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ በረዶ ሲቀልጥ ውሃው ይፈሳል?» ብሎ ጠየቀ እንበል። አይፈስም። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከውሃው በላይ ብቅ ያለውም ያ ትርፍ ነው። ሲቀልጥ ትርፉ ይጠፋል። ይህን ነግሮ ወደ ጉዳይ መመለስ ይቻላል። ልጁ ራሱ ይሞክረው ከተባለ ግን በረዶው ወላጁ በቸኮለበት ፍጥነት አይቀልጥም። ታናሹ ብርጭቆውን ይገፋዋል፤ እንደገና ይጀመራል። ከብርጭቆው ውጪ ጠብታ ሲታይ «ይኸው ፈሰሰ!» ይባላል፤ ጠብታው ከአየሩ የመጣ እርጥበት መሆኑን ማስረዳት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። «ውሃው ጨዋማ ቢሆንስ?» ሲመጣ መልሱ ራሱ ይለወጣል። ከበረዶው የሚወጣው ጨው አልባ ውሃ ከጨዋማው ስለሚቀል ይዘቱ በረዶው ይዞት ከነበረው ቦታ በጥቂቱ ይበልጣል፤ የውሃው ከፍታም በትንሹ ይጨምራል። ይህን ወላጁም ላያውቅ ይችላል፤ ማታ ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት።

ያ ረፋድ እንዲህ ሲያልፍ ልብሱ አልታጠበም፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራም አልተሠራም። በብዙ ቤት ይህን የምትሸከመው እናት ናት። ስለ ፈጠራ የሚጻፈው ውብ ጽሑፍ ይህን ሲዘል ያናድደኛል።

ስለ ቤት ውስጥ ትምህርት የሚደረገው ክርክር ግን በአብዛኛው በሕግ ዙሪያ ነው። ጀርመን ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ታስገድዳለች። ፈረንሳይ ቀድሞ በማሳወቅ ብቻ ይፈቀድ የነበረውን ከ2022 ጀምሮ በቅድሚያ ፈቃድ አድርጋዋለች። በአሜሪካ ደግሞ ከ1993 ወዲህ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። የመንግሥትና የወላጅ ሥልጣን ወሰኑ የት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ሥራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ግን የትኛውም ሕግ አይጠይቅም።

የልጅ ጉጉት ሁሉንም ያስተምራል የሚለውንም አልቀበልም። የማባዣ ሰንጠረዥና ክፍልፋይ ልምምድ ይፈልጋሉ፤ ልጁ አንድ ቀን በራሱ ይጓጓላቸዋል ብሎ መጠበቅ ቁማር ነው። በ1923 ያረፈችው እንግሊዛዊት መምህርት ሻርሎት ሜሰን ለትናንሽ ልጆች አንድ ትምህርት ከ20 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ የተነበበላቸውንም በራሳቸው ቃል እንዲተርኩ ታደርግ ነበር። ይህ ዘዴ ለልጁም ለአስተማሪዋም ይራራል፤ ብዙ ወላጆች ግን ቤታቸውን ደወል የጎደለው ትምህርት ቤት አድርገው ሁለቱንም ያደክማሉ።

ስለዚህ ባልና ሚስት ከመጽሐፍ ግዢ በፊት የሳምንቱን ቀናት ይከፋፈሉ። አባትየው የማክሰኞን ረፋድ ከወሰደ፣ የማክሰኞ ጥያቄም የማክሰኞ ወለል መጥረግም የእሱ ይሁን። ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ተራ ቢገቡ ደግሞ ይቀላል፤ ተራው የሁልጊዜም የአንዲት ሴት ከሆነ ግን ልጆቹን ትምህርት ቤት ማስገባት ይሻላል።