ስሙን ይዛችሁ ሰውየውን የምትቀይሩት ነገር

ኧረ ቆይ፣ እነዚህ ሪቡት ሠሪዎች፣ የድሮ ታሪክ እንደ አዲስ የሚሠሩት፣ በሕይወታቸው ጥሩ ሰው አይተው አያውቁም እንዴ? የምሬን ነው። አንድ ጀግና በመጽሐፉ ወይ በኮሚክ መጽሐፉ ቀጥ ያለ ሰው ከሆነ ፊልም ላይ ሲመጣ የግድ መጣመም አለበት፣ ወይ ሰው ይገድላል ወይ ተስፋ ቆርጦ ደሴት ላይ የተደበቀ ነጭናጫ ሽማግሌ ይሆናል፣ ከዛ "ጥልቀት ጨመርንበት" ይሉሃል። ወይ ጥልቀት!

ደሞ ለውጥ ስለማልወድ አይደለም እሺ። ሱፐርማን በፈረንጆቹ 1938 ሲጀምር እኮ መብረር አይችልም ነበር፣ ይዘላል እንጂ፣ መብረሩ በኋላ ነው የመጣው፣ ማን ቅር አለው? የ2010ሩ የቲቪ ሼርሎክ ሆምስም፣ መርማሪው፣ ስልኩን እየነካካ በዛሬዋ ለንደን ነው የሚኖረው፣ ጓደኛው ዋትሰን ግን ልክ እንደ መጽሐፉ አፍጋኒስታን ዘምቶ ቆስሎ የተመለሰ ሐኪም ነው፣ በቃ ሁለቱም ራሳቸው ናቸው። ዋትሰንን ያበላሹት እንደውም በ1939 የጀመሩት ፊልሞች ናቸው፣ ጋሪውም ጭጋጉም በቦታው ሆኖ ያንን የመሰለ ሰውዬ ነገር የማይገባው ፈዛዛ አደረጉት። ልብሱን፣ ዘመኑን፣ ፊቱን ቀይሩ። የሚያስበውን እና የሚወስነውን ግን አትንኩብኝ፣ ሰውየው እሱ ነዋ!

እኔን ያበገነኝ ፋራሚር ነው። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ መጽሐፉ ላይ፣ ሰውን የሚያስተውን ክፉ ቀለበት ሊያጠፉ የሚጓዙት ፍሮዶ እና ሳም በጦር አለቃው ፋራሚር እጅ ይወድቃሉ፣ ሳም አፉ አምልጦት ስለ ቀለበቱ ሲናገር ፋራሚር ብድግ ይላል፣ ፍሮዶ እና ሳም ዘለው ግድግዳ ተጠግተው ሰይፋቸውን ሲዳብሱ ዋሻው በሙሉ ጸጥ ይላል፣ አበቃላቸው ስትል ሰውየው ተመልሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ ይስቃል። ቀድሞ መንገድ ላይ ወድቆ ባገኘው እንኳ እንደማያነሳው ተናግሯል፣ ቃሉን አያጥፍም። አቦ እንዲህ ያለ ሰው! በ2002ቱ ፊልምስ? አስሮ እየጎተተ ኦስጊሊያዝ ወደምትባል ከተማ ይወስዳቸዋል፣ ቀለበቱን ለአባቱ ሊልክ፣ መጨረሻ ላይ ነው ልቡ የሚመለሰው። የፊልሙ ሰዎች ምክንያታቸው፣ ያን ያህል ያስፈራነውን ቀለበት አንድ ሰው በቀላሉ እምቢ ካለ ኃይሉ ይረክሳል የሚል ነው። ቆይ ግን፣ ወንድሙ ቦሮሚር እኮ ለዛው ቀለበት ብሎ ሲስት አይተናል፣ ኃይሉን አሳይታችሁናል፣ የቀረው አንዱ ሲወድቅ አንዱ የማይወድቀው ለምንድነው የሚለው ነበር። መጽሐፉ ላይ መልሱ አለ፣ ፋራሚር ከአንዳንድ ነገር መሸሽ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው። ፈሪም አይደለም ደንታ ቢስም አይደለም፣ ራሱን ያውቃል። ይሄ ነው እንግዲህ "ጥልቀት የለውም" ተብሎ የተቆረጠው።

የስታር ዋርሱን ሉክ ስካይዎከርንማ ተዉት። በ1983 ፊልም አባቱን ከመግደል ላይትሴበሩን፣ የብርሃን ሰይፉን፣ ወርውሮ መሞትን የመረጠ ልጅ፣ ያውም አባቱ ያ ክፉው ዳርዝ ቬደር ሆኖ፣ በ2017 የተኛ የእህቱ ልጅ ላይ ላይትሴበር አብርቶ ቆመ። "ለአንድ አፍታ ብቻ እኮ ነው" ይባላል፣ አዎ ላይትሴበሩን መልሶ አጠፋው፣ ልጁ ግን ነቅቶ አየው፣ የሚቀጥለው ጣጣ ሁሉ ከዛች አፍታ ነው የመጣው። ማርክ ሃሚል ራሱ፣ ሉክን ሆኖ እድሜ ልኩን የተወነው ሰውዬ፣ በሃሳቡ እንዳልተስማማ በአደባባይ ተናግሯል፣ በኋላ በአደባባይ በመናገሬ ተጸጸትኩ ቢልም።

ባትማን ሲነሳ ደሞ ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፣ "በ1939 መጀመሪያ ላይ ይገድል ነበር እኮ" ይሉሃል። እሺ ነበር። ግን ያንን ጥለው አልገድልም የሚለውን ያቆዩት ለዚህ ሁሉ ዓመት የጻፉት ሰዎች ናቸው፣ ሰዉም የወደደው ያንን ነው፣ አንተ ፊልም ሠሪው በ2016 ስታስገድለው ወደ ጥንቱ መመለስህ ሳይሆን ለገዳይነቱ ሰበብ መፈለግህ ነው።

የተሰበረ ጀግና ከፈለጋችሁ ምናለ አዲስ ብትፈጥሩ? ስም አውጡለት፣ እኔም አያለሁ። ግን አዲስ ስም ፖስተር ላይ አይሸጥማ፣ ስለዚህ ሰው የሚወደውን ስም ወስደው ውስጡን የራሳቸውን ሰውዬ ያስገቡበታል፣ ስትናደድ ደሞ "አድናቂዎች ለውጥ ይፈራሉ" ትባላለህ።

ፋራሚርን በፊልም ብቻ የምታውቁት ሰዎች፣ ሁለተኛውን ቅጽ አውጡና መጽሐፍ 4 ምዕራፍ 5ን አንብቡ፣ ከዛ ኑና ተጨቃጨቁኝ።