አልሰማም፣ ጮክ በል!

"አልሰማም" ባይ ሰው ድምፁ ከማንም በላይ ይሰማል። ጠርጥሬው ነበር፤ ትናንት ማታ አረጋገጥኩ።

ማታ ማታ ፐብጂ የሚባለውን የስልክ የተኩስ ጌም የምንጫወት አራት ጓደኛሞች ነን። አራታችንም ባሕር ዳር ነው ያለነው። አንዱ ፋሲሎ፣ አንዱ ሽምብጥ፣ አንዱ አባይ ማዶ፣ እኔ ቀበሌ 14። ተጠራርተን አንድ ካፌ ለመቀመጥ ባጃጅ ይበቃናል። እኛ ግን ድምፃችንን ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ድረስ ልከን፣ አዙረን እያስመጣን ነው የምናወራው።

ትናንት ዞኑ፣ ማለትም መጫወቻው ክልል፣ ጠቧል። መቶ ሆነን ከአውሮፕላን ከዘለልነው የቀረነው ጥቂት ነን። አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ተወሽቀናል። ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ብዬ "ደረጃው ላይ ሰው አለ" አልኩ።

"አልሰማም!"

"ደረጃው ላይ!"

"ምን? ጮክ በል!"

ጮክ አልኩ። እየጮህኩ ደግሞ ኮቴ አይሰማም። ሰውየው ተረጋግቶ ወጣና አራታችንንም ለቃቅሞን ሄደ። ከሞትን በኋላ ወዳጄ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሰው ከሰማችሁ ተናገሩ እንጂ!"

ይህን ሰው ከአሁን በኋላ አቶ አልሰማም እለዋለሁ። እውነተኛ ስሙን ብጽፍ ይቀየመኛል። ከሰማ ማለቴ ነው።

የአቶ አልሰማም ጆሮ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ሴቲንጉ ላይ ነው። ጌሙ ድምፁን ከፋፍሎ ነው የሚሰጥህ። ዋናው ድምፅ ለብቻው፣ ተኩሱና ኮቴው ለብቻው፣ ሙዚቃው ለብቻው፣ የጓደኛ ድምፅ ለብቻው፣ የራስህ ማይክ ለብቻው። እያንዳንዱን በጣት ወደ ግራ ወደ ቀኝ መጎተት ነው። አቶ አልሰማም ሁሉንም ወደ ቀኝ ጎትቶ ጨረሰ። ሁሉም መቶ ከሆነ ደግሞ ምንም አልተመረጠም ማለት ነው። አንድ ቀን "የተኩሱን ትንሽ ቀንሰው" ብለው "ታዲያ ተኩሱን በምን ልሰማው?" አለኝ። ወንድሜ፣ ተኩስ ሳትፈልገውም ይሰማሃል። የሚጠፋብህ ኮቴው ነው፤ የሚጠፋብህ እኔ ነኝ። ትልቅ ድምፅ ትንሹን ይውጠዋል፤ ጆሮ ውስጥ የተዋጠውን ደግሞ ማንም ጎትቶ አያወጣውም።

ይባስ ብሎ ብሉቱዝ ሄድሴት ገዛ። የዋጋውን ነገር አላነሳም፤ ሚስቱ ይህን ታነብ ይሆናል። ብሉቱዝ ሙዚቃ ስታዳምጥበት ጥሩ ነው። ማይኩን ስትከፍት ግን አብዛኛው ሄድሴት ወደ ስልክ መደወያ ጥራት ይወርዳል። ግራና ቀኝ የሚባል ነገር ይቀርና ሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ታፍኖ ይመጣል። ኮቴው ከግራ ይምጣ ከቀኝ አይታወቅም። ጥራቱ ሲወርድበት አቶ አልሰማም ምን ያደርጋል? ይጨምራል። ገመድ ያለውን ኤርፎን በርካሽ መንገድ ላይ ይሸጡልሃል፤ እሱ ግን "ገመድ የድሮ ነው" ይላል።

ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው ጆሮው ውስጥ ጫጫታ ስትለቅበት ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጫጫታውን ስታጠፋበት ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ሰውየው ራሱ እንደጮኸ አያውቅም። የጌመር ነገር ይኸው ነው። ጆሮህን ሄድሴት ደፍኖታል፤ በላዩ ላይ ተኩስ አለ፤ የራስህን ድምፅ አትሰማም፤ ስለዚህ ትጮኻለህ። አንተ ስትጮህ እኔ ጌሙን እጨምራለሁ። እኔ ጌሙን ስጨምር አንተን መስማት ያቅተኛል። ከዚያ "ጮክ በል" እልሃለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የሽምብጥ ውሻ ሁሉ ይነሳል።

አያቴ የሚወዱት ተረት ነበር፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሳቸው የሚሉት ለሐሜት ነበር። ስላንተ የሚወራውን አገር ሲሰማው አንተ አትሰማውም ለማለት። እኔ ግን እያደር ሳስበው ተረቱ የተሠራው ለማይክ ይመስለኛል። የአቶ አልሰማም ማይክ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ምን እንዳወራ እናውቃለን። ሽንኩርት ሲቁላላ እንሰማለን። ባለቤቱ "ይሄን ስልክ አንድ ቀን ጣና ነው የምከተው" ስትል ሦስታችንም ሰምተን በልባችን አሜን ብለናል። እሱ ብቻ አልሰማም። ተጭነው የሚናገሩበት ምርጫ እያለ፣ ጣት ማሳረፍ ብቻ የሚጠይቅ ነገር እያለ፣ ቤቱን በሙሉ ከፍቶልን ይጫወታል።

በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት አልተጫወትንም። የዚያን ጊዜ ነገር ወግ አይበቃውም፤ ልለፈው። ዳታ ሲመለስ ግን አራታችን ተሰባስበን ገባን። ናፍቆት አለ፤ ሁላችንም ዝም ብለናል፤ ማን ቀድሞ ምን ይበል። አቶ አልሰማም ቀደመ። "አልሰማም!" አለ። ማንም ገና አልተናገረም ነበር።

አሁን ስለ ባጃጅ ላውራ፤ ጉዳዩ አንድ ነው። የባሕር ዳር ባጃጅ ስፒከሩ ያለው ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ማጅራት ሥር ነው። ሾፌሩ ከፊት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ሙዚቃውን እንዲሰማ ከኋላ ያለነው ሦስት ሰዎች ጥርሳችን መንቀጥቀጥ አለበት። አንድ ቀን ከጊዮርጊስ ተሳፍሬ ድልድዩ ሳይደርስ መውረድ ፈለግኩ። "ወራጅ አለ!" አልኩ። የለም። "ወራጅ!" የለም። አጠገቤ ያሉት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አብረውኝ "ኧረ ወራጅ አለ፣ አንተ ልጅ!" አሉ። የለም። ባጃጇ አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ወጣች። ድልድዩ ግንቦት 2016 የተመረቀው ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር። ሌላው ሰው ይህን ከዜና ነው የሚያውቀው፤ እኔ በእግሬ ነው የማውቀው። ሾፌሩ ማዶ ሲቆም ዞር ብሎ "ቀድመህ አትናገርም?" አለኝ።

ይህ አነጋገር አልመጣላችሁም?

በድልድዩ ተመለስኩ። ታች ጉማሬ ነበረች፤ ጉማሬ እንደምታውቁት ገላዋን ውሃ ውስጥ ትታ ዓይኗን፣ አፍንጫዋንና ጆሮዋን ብቻ ነው የምታወጣው። አፏን የምታወጣው ሲያስፈልግ ነው። በከተማው ውስጥ ጆሮውን በአግባቡ የሚጠቀም ፍጡር በማየቴ ትንሽ ቆሜ አየኋት።

ዊንዶውስ እንኳ ይሉኝታ አለው። ኮምፒውተርህ ላይ ሰው ሲደውልልህ ሌላውን ድምፅ በራሱ 80 በመቶ ይቀንሰዋል፤ ካልነካካኸው በስተቀር እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰው ሊያወራ ነው ብሎ ዝቅ ይላል። ጌመሮች ይህን ነገር አይወዱትም። ኮቴ ያጠፋብናል ብለው መጀመሪያ የሚዘጉት እሱን ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን አንድ ማሽን ያለውን ያህል ይሉኝታ ለባጃጅ ሾፌር መመኘት ኃጢአት ነው?

ጣና ዳርም ሄዶ ማምለጥ አልተቻለም። ሰው ሐይቁን ሊያይ፣ ንፋስ ሊቀበል፣ ዓሣ ሊበላ ነው የሚሄደው። አንዱ ቤት ሙዚቃ ይከፍታል። ጎረቤቱ የራሱን እንዲሰማ ይጨምራል። የመጀመሪያው ደግሞ ይጨምራል። መሀል ላይ የተቀመጥክ ሰው ሁለት ዘፈን በአንድ ጊዜ ታዳምጣለህ፤ አንዱ ስለ ፍቅር፣ አንዱ ስለ ስደት። "ዓሣ ጉላሽ" ብለህ ስታዝ ጥብስ ይመጣልሃል። አስተናጋጇ ምን ታድርግ፣ የከንፈርህን እንቅስቃሴ አይታ ነው የገመተችው። ከፊት ለፊትህ አንድ ሰው ታንኳውን እየቀዘፈ ያልፋል፤ ሐይቁ ላይ እንዴት ያለ ጸጥታ አለ መሰለህ፤ ያንን ጸጥታ በዓይንህ ታየዋለህ እንጂ አትሰማውም።

ከሁሉም ግን ሞንታርቦ።

ይህ ቂም ነው፤ ቂም መሆኑን አልክድም። ጥር ነው። የዘመድ ሰርግ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያስቀመጡኝ ሞንታርቦው አጠገብ ነው። አጠገብ ስል፣ ጠርሙሴ በራሱ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል። አክስቴ ከጎኔ ናቸው። "ያች ልጅ ደህና ናት?" አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው። "ታዲያ የእናንተስ መቼ ነው?" አሉ። ይህን ጥያቄ በቀስታ መመለስ ነበረብኝ። ጆሯቸው ድረስ ጎንበስ ብዬ "ተለያይተናል" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ተለያይተናል።"

"ኧ? ምን? ከፍ አድርገው እስቲ።"

"ተለያይተናል አልኩዎት እኮ!"

ሙዚቃው የተቋረጠው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው ሊመርቁ ተነስተው ኖሯል። "እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ" ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ የእኔ "ተለያይተናል" ድንኳኑን ሞላው። ሙሽራዋ ዞራ አየችኝ። የሙሽራው እናት አማተቡ። ሽማግሌው ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ሞንታርቦውን የያዘው ልጅ ምን አደረገ? አሜን እንደተባለ መልሶ ጨመረው። ከበፊቱ አስበልጦ። እስካሁን መንገድ ላይ ሳየው ሰላም አልለውም። እሱ ይህን አያውቅም። ብጠራውም አይሰማ፤ ያን ሁሉ ዓመት ከዚያ ሳጥን ጀርባ ቆሞ ምን ጆሮ ይተርፈዋል?

ይህን ስል ለቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጆሮ የሚመክረው ልክ አለ። ድምፁ 80 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ችግር የለውም ይላል። 90 ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ልዩነቱ አሥር ቁጥር ነው፤ የተሰጠህ ጊዜ ግን በአሥር እጅ ተቀነሰ። አንድ ጥር ላይ ሰው ስንት ሰርግ እንደሚጠራ እናንተው አስሉት። አቶ አልሰማም ደግሞ ሰርግ ባይጠራም በየማታው ድግስ ላይ ነው። ዛሬ "አልሰማም" የሚለው ውሸቱን ነው። በዚህ ከቀጠለ እውነት ይሆንለታል።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ሴቲንጉ።

ሙዚቃውን ዜሮ አድርገው፤ ሎቢ ውስጥ፣ ጨዋታው እስኪጀመር ስትጠብቅ፣ የሚዘፈነው ነገር ማንንም አላዳነም። ዋናውን ድምፅ ከግማሽ ትንሽ ከፍ። ተኩስና ኮቴ በአንድ ማስተካከያ ስለሆኑ ተኩሱ ጆሮህን ሳይወጋህ ኮቴው የሚሰማህ ቦታ ላይ አቁመው፤ ከዚያ በላይ አትሂድ። የጓደኛ ድምፅ ከሱ ከፍ ይበል። አንዱ ከመጠን በላይ የሚጮህ ከሆነ እሱን ብቻ ለይተህ ዝም አሰኘው፤ አይሞትም። ካርታው ላይም የኮቴ ምልክት ይታያል፤ ዓይንም አለህ። ማይክህን ስትናገር ብቻ ክፈት። ቻናሉ "ቡድን" ላይ መሆኑን እይ፤ "ሁሉም" ላይ ከሆነ ደረጃው ላይ ያለው ሰውዬም ስላንተ ደረጃ እየሰማ ነው።

ይህን ሁሉ ለአቶ አልሰማም ዛሬ ጠዋት በጽሑፍ ላክሁለት። በጽሑፍ የላክሁት ሆን ብዬ ነው። አንብቦታል፤ ምልክቱ ይታያል። መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ በድምፅ መልእክት። ከፈትኩት። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ነው የቀዳው። ዘፈኑ በደንብ ይሰማል።