የደላንታን ጉድጓዶች ከማስጎብኘታችን በፊት

ሰሞኑን ደሴ ላይ ስለ ቱሪዝም በተነሳ ቁጥር አንድ ሐሳብ እሰማለሁ። ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ወጥቶባቸው የተተዉት ጉድጓዶች ለጎብኚ ይከፈቱ የሚል ነው። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ግን የሚቀድም ነገር አለ።

ኦፓሉ በወረዳው ከተማ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው በ2000 ዓ.ም. ነው። ደጋው ሜዳ ላይ አይደለም ያለው። ከገደሉ ወገብ ላይ፣ አንድ ስስ የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ነው። ወጣቱ ቁልቁል ይወርድና ገደሉን ወደ ጎን እየቦረቦረ ይገባል። ዶማ፣ መዶሻ፣ ባትሪ፣ በቃ። ጣሪያውን የሚደግፍ እንጨት እንኳ ብዙ ጊዜ የለም።

ድንጋዩ በእውነት ያምራል። ጥሬውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል ብታደርጉት ውሃውን ይመጥና እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል። አውጥታችሁ ስታስቀምጡት አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው እየደረቀ ሲሄድ ይመለሳል። ይህን ለማየት አገር አቋርጦ የሚመጣ ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

ያ ገደል ግን ሰው በልቷል። በ2016 ዓ.ም. አንዱ ጉድጓድ ተደርምሶ ወጣቶች ውስጥ ሲቀሩ፣ የአካባቢው ሕዝብ በዶማና በእጁ እየቆፈረ ሊደርስላቸው ሲታገል ሰንብቷል።

ቺሊ ውስጥ ሴዌል የምትባል ከተማ አለች። አንዲስ ተራራ ላይ፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ለመዳብ ቆፋሪዎች የተቆረቆረች ናት። መንገዷ ደረጃ ብቻ ነው። በደጉ ዘመኗ 15 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባት ነበር። ዛሬ ነዋሪ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧታል፤ ጎብኚም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያው ማዕድን ውስጥ 355 ሠራተኞች ሞተዋል። እሳቱ የተነሳው ውጭ ነበር፤ የፈጃቸው ወደ ውስጥ የገባው ጭስ ነው። ቺሊዎች አደጋውን አልሸሸጉትም። ዛሬም ያስቡታል፣ የማዕድኑ የደኅንነት አሠራርም ከዚያ በኋላ ተለውጧል።

እኛም በዚህ ቅደም ተከተል ብንሄድ እላለሁ። የሟቾቹን ስም እናቶቻቸው ያውቁታል፣ እድሩም ያውቀዋል። ወረዳው ሰው መድቦ ቤት ለቤት ያስመዝግብ። አንድ ሰነድ ላይ ሳይሰፍር ጉብኝት ብሎ ነገር ያሳፍራል።

ሌላው ራሱ ጉድጓዱ ነው። የተተወ ጉድጓድ ባዶ አይቀመጥም። እረኛ ዝናብ ሲመጣ ይጠለልበታል። ሥራ ያጣ ልጅ ደግሞ የተረፈ ፍለጋ ተመልሶ ይገባበታል። ስለዚህ አብዛኛው አፉ በድንጋይ ይዘጋ። ባለሙያ መርምሮ አስተማማኝ ነው ያለው ብቻ ተደግፎ ይከፈት። አስጎብኚዎቹም እዚያው የቆፈሩት ልጆች ይሁኑ፤ ክፍያው ለእነሱ ይግባ። መዝጋቱ ግን ለከርሞ የሚባል አይደለም። ክረምቱ ገብቶ ገደሉ ውሃ ሳይጠጣ፣ በዚህ በጋ መጀመር አለበት።