የዚህ ክንድ ፋይል የቱ ነው?

ሦስት የሥራ ቀናት ሙሉ የደከምኩት አዲስ ነገር ለመሥራት ሳይሆን፣ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ላለው የሮቦት ክንድ የክንዱን ልክ ለሶፍትዌሩ ከሚነግሩ 11 የኮንፊገሬሽን ፋይሎች መካከል ትክክለኛውን ለመለየት ነው። አንዱ «የመጨረሻው» ይላል፤ ሌላው «የመጨረሻው 2» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይሄኛውን ተጠቀሙ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ለየትኛው ክንድ እንደጻፈው የሚናገር አንድ መስመር እንኳ በአንዳቸውም ውስጥ የለም፤ የሚያውቁት ልጆችም ተመርቀው ሄደዋል።

ነገሩ ከውጭ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስል ይሆናል። ሶፍትዌሩ ግን ክንዱን አያየውም፤ የእያንዳንዱን አጥንት ርዝመት፣ የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ ወሰን የሚያውቀው ከዚያ ፋይል ብቻ ነው። የእኛ ክንድ ባለ 6 መገጣጠሚያ ሲሆን፣ አምራቹ ሁለት ትውልድ ሠርቶለታል። ሁለቱም 850 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ፣ ሁለቱም 5 ኪሎ ያነሳሉ፣ ስማቸውም የሚለያየው በአንዲት ፊደል ነው። ይሁን እንጂ ከመሠረቱ እስከ ትከሻው ያለው ከፍታ በአሮጌው 89 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በአዲሱ 162.5 ነው። የእኛው አሮጌው ነው፤ እኔ ያነሳሁት ፋይል የአዲሱ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹ ልዩነቶች ተደምረውና ተቀንሰው፣ በክንዱ ጫፍ ላይ ያለው፣ ወደ ታች የዞረው የዕቃ መያዣ ሶፍትዌሩ ካሰበው ቦታ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ጠረጴዛውን መታው።

አንጀቴን ያሳረረው ግን ምቱ ራሱ አይደለም። ከዚያ በፊት ሁሉንም እንቅስቃሴ በሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚሳል አምሳያ ክንድ፣ ሞክሬው ነበር፤ አንዳች እንከን አልታየበትም። እንዴትስ ይታይ? ስክሪኑ ላይ የሚታየው ክንድ የሚሳለው ከዚያው ከተሳሳተው ፋይል ነው፤ ስሕተቱን የሚመሰክረው ጠረጴዛው ብቻ ነበር። አንድም የማስጠንቀቂያ መልእክት አልወጣም፤ ፋይሉ ተነበበ፣ ክንዱ ታዘዘ፣ አለቀ።

ትውልዱን ለይቶ ማግኘትም በቂ አይደለም። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው ፋይል የያዘው በንድፉ ላይ ያለውን ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ክንድ ግን ሲገጣጠም ጥቂት ይለያል። የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ የምታህል ልዩነት ትከሻው ላይ ብትኖር፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ጫፉ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች። ለዚህም ነው ፋብሪካው የለካው ልክ ከራሱ ከክንዱ መቆጣጠሪያ ተወስዶ ፋይሉ ውስጥ መግባት ያለበት። በ11ዱ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ልክ ያለው አንድ ፋይል አገኘሁ፤ እሱም የጎረቤት ክፍል ክንድ ልክ ነበር።

ሌላኛው ፋይል ደግሞ የመገጣጠሚያው ወሰን በራዲያን (አንድ ሙሉ ዙር 6.28 ገደማ በሚሆንበት የማዕዘን መለኪያ) በሚጠበቅበት ቦታ 180 ብሎ ጽፏል። 180 ራዲያን ከ28 ዙር በላይ ነው፤ ስለዚህ ወሰን ተብሎ የተጻፈው ምንም የሚወስነው ነገር የለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፋይል የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ የክንዱን መለያ ቁጥር፣ ትውልዱን፣ የተገጠመለትን መያዣ ክብደትና ቀኑን በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ አስፍሩ። ሶፍትዌር የምትሠሩም፣ መቆጣጠሪያው የራሱን መለያ ቁጥር ያውቃልና፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ቁጥሩን ጠይቆ ከፋይሉ ጋር ያመሳክር፤ ካልገጠመም ክንዱን አላንቀሳቅስም ይበል።

ትናንት ልኩን ከመቆጣጠሪያው አውጥቼ፣ በክንዱ መለያ ቁጥር የተሰየመ 12ኛ ፋይል ጻፍኩ። የቀሩትን 11 እንሰርዛቸው ብዬ ብጠይቅ ግን፣ ከመካከላቸው የትኛው ለማን እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ስለሌለ፣ እሺ ያለኝ ሰው አልተገኘም።